አባባን ያቃጠላቸው ብርድ ነው

ለኢፋ ኢታና
ዶሃ

ኢፋ፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ አብረውህ የሚኖሩት ልጆች፣ ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ሙቀቱ በረደላችሁ? ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጀመር ነው እንጂ መልሱን ለመስማት ጓጉቼ አይደለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰሞኑን ስላንተ ደህንነት ያሰብኩበት ቀን የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ስልህ ኖሬያለሁ። በዚህ ደብዳቤ አልልህም።

እኛ ደህና ነን። አባባ እህል ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ወርደው ጎመናቸውን ያያሉ። ልጄ ሶፊ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ጊደሯም ወልዳለች። አንዱንም አልጠየቅህም፤ ቢሆንም እወቀው።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ፤ ደግሜ ስደውልም ዘጋህ፤ በኋላ ጭራሽ ቁጥሬ እንዳይገባልህ አደረግህ። ወረቀት መሀል ላይ አይቋረጥም ብዬ ነው መጻፌ። የጎረቤታችን ልጅ ሪሐና ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ዶሃ ልትመለስ ነው። በእጅህ እንድትሰጥህ፣ ከፍተህ ማንበብ እስክትጀምርም ከፊትህ እንዳትሄድ አደራ ብያታለሁ። ታውቃታለህ፣ የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ነች።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። አንተ ያየኸው ከስልክ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም አልቀመሱም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጊደሯ ገመዷን በጥሳ መጥፋቷን ሰሙ። ልትወልድ ደርሳ ነበር። ምሳ አቅርቤ ነበር፤ «መጥቼ እበላለሁ፣ ክደኚው» ብለውኝ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ወደ ጅረቱ ወረዱ። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋበት የጥድፊያ ሰሞን ስለነበር ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣ። የላፍቶን የነሐሴ ዝናብ ረስተኸው ካልሆነ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ጅረቱ ሞላ። አባባ ጊደሯን ማዶ ሳር ስትግጥ አግኝተዋታል። ሊመልሷት ሲሉ ግን አዳለጣቸውና ውሃው ውስጥ ወደቁ። እንደ ምንም ወጡ፤ ነገር ግን መሻገሪያው በጎርፍ ተዘግቶ ማዶ ቀሩ። ጋቢው፣ ኮቱ፣ ሸሚዙ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ገላቸው ላይ ተለጥፏል፤ ንፋሱ ደግሞ ከፉሪ ተራራ በኩል ይገርፋል። እኛ ጎረቤቱን አስወጥተን እስከ መካኒሳ መንገድ ድረስ ስንፈልጋቸው አደርን። እሳቸው ያሉት ከጅረቱ ማዶ፣ አዲስ ከሚሠሩት ፎቆች ጀርባ ነበር። በዚያ ጎርፍ ተሻግረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ያገኟቸው እትዬ እማዋይሽ ናቸው፤ እዚያ አስፋልቱ ዳር ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡት። ለኪዳን በላይኛው መንገድ ሲሄዱ ከፎቁ ላይ ሳቅ ሰምተው ዞር ቢሉ፣ አባባ በግንቡ ጥግ ያለ ልብስ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው አጠገባቸው ጭቃ ላይ ተጥሏል። የሚስቁት እዚያው ሕንፃው ላይ የሚያድሩ ጎረምሶች ነበሩ፤ አንዱ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። እትዬ እማዋይሽ የለበሱትን ነጠላ አውልቀው አለበሷቸው፣ አቅፈዋቸውም ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ያ ቪዲዮ ላይ ግን እሳቸው የሉበትም። ልጁ እሳቸው ሲመጡ መቅረጹን አቁሟል።

ተጠርቼ ስደርስ እጃቸውን ያዝኩ። ከድንጋይ የሚለይ ነገር አልነበረውም። የገረመኝ ግን አይንቀጠቀጡም ነበር። «አልበረዳቸውም ማለት ነው» አለ አንዱ፤ እኛም ደህና ምልክት መስሎን ነበር። አባባ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው በኦሮምኛ «እሳቱን አጥፉልኝ፣ ተቃጠልኩ» ይሉ ነበር። ነጠላውንም ከላያቸው ሊገፉት ይሞክራሉ። አንድ ጎረቤት ያሙቃቸው ብሎ አረቄ አምጥቶ ነበር፤ መዋጥ አቃታቸው። መዋጥ ማቃታቸው በጀ። አረቄ የደም ሥሩን ይበልጥ ከፍቶ የቀረቻቸውንም ሙቀት ያስወጣባቸው እንደነበር ኋላ ሐኪሟ ነግራኛለች።

ሐኪም ቤት ያየቻቸው ዶክተር ተናኘ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ሙቀታቸውን ስትለካ ሠላሳ ዲግሪ እንኳ አልሞላም። እጅና እግራቸውን ማሸት ስጀምር ከለከለችኝ። ከደረታቸውና ከሆዳቸው ጀምራ በቀስታ አሞቀቻቸው፤ የሚንጠባጠብላቸው ግሉኮስ ሳይቀር የሞቀ ነበር። ረፋዱ ላይ አባባ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አልጋው እስኪንቋቋ ተንቀጠቀጡ። እኔ ሞቱብኝ ብዬ ጮህኩ፣ ዶክተሯ ግን ፈገግ አለች። «ሰውነታቸው ሥራውን ጀመረ ማለት ነው፣ ይህንኑ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። ቀትር ሲሆን ዓይናቸውን ገልጠው አወቁኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ወለደች?» ብለው ነው።

ያን ሰዓት ደወልክ። ስምህን ስልኩ ላይ ሳይ እንባዬ መጣ፣ ወንድም አለኝ አልኩ። ያነሳሁት እንድታጽናናኝ ነበር። አንተ ግን «ቪዲዮውን አየሁት። የመቅደላዊት አባት አይቶታል?» አልከኝ። ልታገባት ያሰብካትን ልጅ አባት አስቀደምክ፤ አባትህ ይኑሩ ይሙቱ አልጠየቅህም። እኔ ሐኪሟ ያለችውን ልነግርህ ስጀምር «ሐኪም ምን ታውቃለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አብዷል» ብለህ ዘጋህ። ኢፋ፣ ያቺን ሰዓት እስክሞት አልረሳትም።

አባባ ከሐኪም ቤት በወጡ በማግስቱ የአጎታችን ልጅ ቦና መጣ። በእጁ አዲስ ጓጉንቸር ከነማጠፊያው ይዟል። አንተ እንደላክኸው፣ የአባባን ክፍል በር ከውጭ እንዲያስቆልፍ እንዳዘዝከው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረኝ። አባባ ውስጥ ተኝተው ነበር። ቦናን በር ላይ አቁሜ «ይህን በር የሚቆልፍ ሰው እኔን አብሮ ይቆልፋል፣ ሂድና ለላከህ ንገረው» አልኩት። ሄደ። አፈረም መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። አንተ ግን በሩ ባይቆለፍም ሌላ መቆለፊያ አላጣህም።

ከፍልሰታ በፊት ምን ተነጋግረን እንደነበር አስታውስ። ለመቅደላዊት ሽማግሌ የሚላክበትን እሑድ የቆረጡት ራሳቸው አባባ ናቸው። ለዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ ኖረዋል። ለራሳቸው ልጅ የሚሄዱበትን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁ ታውቃለህ። ዘመን መለወጫው ሰሞን ያ እሑድ ሲደርስ ጋቢያቸውን አጠብኩላቸው፣ ኮታቸውን ተኮስኩላቸው። በጠዋት ተነስተው ጢማቸውን ተላጩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አቶ ኢሉና ሌሎቹ ሽማግሌዎች መጥተው ይወስዷቸዋል ብለን ነው። ጠበቅን። ቡና ላፍላ ብላቸው «አሁን ይመጣሉ፣ አያስፈልግም» አሉኝ። ፀሐዩ ዞሮ እግራቸው ላይ እስኪደርስ ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ኢሉ በደጃችን ሲያልፉ አባባ ጠሯቸው። «ምነው ቀራችሁ?» አሏቸው። አቶ ኢሉ ግራ ተጋብተው ቆመው «ሄደን መጣን እኮ፣ አንተ ገና አልተሻለህም ተብሎ ነው» አሉ። አባባ «ከምኑ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኢሉም የሆነውን፣ ቪዲዮውንም ጭምር ነገሯቸው። አባባ እስከዚያች ቀን ልብሳቸውን ማውለቃቸውን አያውቁም ነበር። ከዚያች ሰዓት አንዳችም አያስታውሱም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ሶሬቲ፣ ራቁቴን ነበርኩ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ሰው አየኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ያን ቀን እራት አልበሉም።

በማግስቱ ወደ ዶክተር ተናኘ ወሰድኳቸው። ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ከሐኪሟ ይስሙት ብዬ ነው። አንተም ስማ፣ ዘግተህ ያስቀረኸው ይህንን ነው።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ አባባ አስጠግታ እንዲህ አለቻቸው። «አባቴ፣ ሰውነት ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል። ሲሞቀን ቆዳችን ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከፍትና ደሙን ወደ ውጭ ይልካል፣ ላብም ያወጣል፤ ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሲበርደን ደግሞ እነዚያኑ የደም ሥሮች አጥብቆ ይዘጋል። ደሙን ለልብና ለአንጎል ይሰበስባል፤ እጅና እግር ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ያም ካልበቃው ጡንቻውን ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጥ ሙቀት ይሠራል። ለመንቀጥቀጥ ግን እህል ያስፈልጋል። እርስዎ ጾመው ውለዋል፣ ልብስዎ ርሷል፣ ንፋሱም አለ። በዚህ ላይ በእርስዎ ዕድሜ ሰውነት ብርዱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። አቅም ሲያልቅበት መንቀጥቀጡ ቆመ።»

አባባ «ልብሱንስ?» አሏት። «እሱንም ልነግርዎ ነው» አለች። «እኛ እንደምናምነው፣ የደም ሥሮቹን ዘግተው የያዙት ጡንቻዎች መጨረሻ ላይ ይዝሉና ይለቃሉ። ያኔ ውስጥ የቀረው ሙቅ ደም በአንዴ ወደ ቀዘቀዘው ቆዳ ይሮጣል። ሰውዬው እሳት የተለቀቀበት ይመስለዋል። አንጎሉም በብርዱ ደንዝዟልና ያምናል፤ ልብሱን ያወልቃል። በብርድ ለመሞት የቀረበ ሰው እንዲህ ማድረጉ የታወቀ ነገር ነው፣ በረዷማ አገር ያሉ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አይተውታል። ከእብደት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።» አባባ «ታዲያ ሰውነቴ ዋሸኝ?» አሏት። «አልዋሸዎትም፣ ታግሎ ታግሎ ደከመው እንጂ» አለቻቸው። «ደክሞት ከሆነስ አልቀየመውም» አሉ አባባ። ስንወጣ እጇን ሳሟት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በበጋችሁ፣ አብሮህ የሚሠራው አናስ ፀሐይ ላይ ወድቆ እንደነበር የነገርከን አንተ ነህ። ላቡ ደርቆ፣ ቆዳው ግሎ፣ የማይሆን ነገር ሲቀባጥር፣ አለቃውን ሲሳደብ፣ አንተንም በጥፊ ሊመታህ ሲነሳ፣ ጥላ ውስጥ ጎትተህ ውሃ አፍስሰህበት ልቡ እንደተመለሰ ራስህ አወራኸን። በኩራት ነበር የነገርከን። አናስ አብዷል አላልክም። ለሰው አልደወልክም። ሙቀት ሰውን እንዲያ እንደሚያደርገው ስታውቅ፣ ብርድ አባትህን ምን ሊያደርጋቸው እንደሚችል ለማሰብ አንዲት ሰዓት ነፈግሃቸው። ለባዳ የሰጠኸውን ለአባትህ ከለከልክ። ይህን በምን አፍህ ታስረዳኛለህ?

በሽማግሌዎቹ ቀን ደግሞ ምን እንደተባለ ኋላ ነው የሰማሁት። የመቅደላዊት አባት «የልጁ አባት የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኢሉ አንተ እንዳስጠናሃቸው «አእምሯቸው ተነክቷል፣ ቤት ነው የሚውሉት» አሉ። ሰውየው ቀጠሮ ሰጥተው ሸኟቸው። አንተ ነገሩ ያለቀ መስሎህ ይሆናል። አላለቀም።

ባለፈው ቅዳሜ መቅደላዊት ራሷ ከጎፋ ተነስታ መጣች። ማንም አልላካትም፤ ለአባባ ብርቱካን ይዛ ነበር። እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ ሶፊ ጠራችኝ። ስደርስ አባባ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ስለ አዲሷ ጥጃ ያወሯታል፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ትይዝላቸዋለች። ገብተው ተቀመጡ። ልጅቷ ክፋት የለባትም፣ ግራ ገብቷት ነበር። ዓይኗን ከአባባ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባባ እያመላለሰች ቆየችና «ኢፋ ከድሮም ጀምሮ ጤነኛ አይደሉም ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ከድሮም ጀምሮ አልካት። የአንድ ሌሊት ብርድ አልበቃህም፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እብድ አደረግኸው።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አባባ በእጃቸው ምልክት ከለከሉኝ። ለልጅቷ ስለ ጅረቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሐኪሟ ስላለቻቸው ነገር ሁሉ ራሳቸው ነገሯት። ልብሳቸውን ማውለቃቸውንም ሳይደብቁ ነገሯት። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን ምርኩዛቸውን አጥብቆ ይዞ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች፣ ጉልበታቸውን ስማ ሄደች። ከሸኘናት በኋላ አባባ ወደ እኔ ዞረው «እብድ ነው ያለው ኢፋ ነው?» አሉኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሰፈር ወሬ መስሏቸው ነበር፤ ያንተን ስም ደብቄላቸው ነበር። ከዚህ በላይ ልሸፍንህ አልቻልኩም፣ አዎ አልኳቸው። «አልጠየቀኝም እኮ» አሉ። «ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።» ይኸው ነው ያሉት። አልረገሙህም። ቢረግሙህ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት የመቅደላዊት አባት ወደ አቶ ኢሉ ልከዋል። ለጥቅምት መጀመሪያ እሑድ እንዲመለሱ፣ ሲመለሱ ግን የልጁን አባት ይዘው እንዲመጡ፣ አለዚያ በሩን እንዳያንኳኩ ነው መልእክቱ። አቶ ኢሉ አንገታቸውን ደፍተው መጥተው አባባን ይቅርታ ጠየቁ። እኔ እንዳይሄዱ ለመንኳቸው፤ ተቆጥቼም ተናገርኳቸው። እሱ ሲመቸው አባት፣ ሳይመቸው እብድ የሚያደርግዎትን ሰው ምን ሊሆኑለት ነው አልኳቸው። አባባ «ልጅቷ መጥታ ጤናዬን ጠይቃኛለች፤ እኔም ቤቷ ሄጄ አባቷን እጠይቃለሁ» አሉኝ። በአንተ ስም አይደለም የሚሄዱት፣ ይህን ልብ በል። ግን ይሄዳሉ። የምታገባት ከሆነ የምታገባት ቆልፉባቸው ባልካቸው ሰው ልመና ነው።

ከዚያ እሑድ በፊት ሥራ አለብህ። ለቦና ደውል፣ ለአቶ ኢሉ ደውል፣ እብድ ነው ያልክለት ሰው ሁሉ ጋ ደውልና በዚያው አፍህ ዋሽቻለሁ በል። ሰዎች የላኩልህን ቪዲዮ ለሌሎች ልከህ ከሆነም አጥፉት በላቸው። የእኔን ቁጥር መልሰህ አትክፈተው፣ አልፈልገውም። ለአባባ ግን ደውል። ስልካቸው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ በጠራ ቁጥር አውጥተው ቁጥሩን ከራቅ አድርገው ያያሉ፣ መልሰውም ይከቱታል። ይህን ለማየት ትዕግሥቴ አልቋል። እሳቸው ይቅር ብለውህ ጨርሰዋል፣ እኔ ገና አልጀመርኩም።

ሶፊ እንደ ወትሮው «ሰላም በይልኝ» አላለችም፤ ቪዲዮውን ትምህርት ቤት አሳይተዋታልና ስምህ ሲነሳ ትወጣለች። እትዬ እማዋይሽ ሰላምታ አልላኩም፤ ነጠላቸው ግን ጭቃው ለቆ ነጽቷል። ቦና ሰላም ይበልህ አይበልህ አላውቅም። አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና የእሳቸውን እንዳሉት አደርስልሃለሁ። «ኢፋን ሰላም በይው። እዚያ ሙቀቱ ይከፋል፣ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ እንዳይቆም» ብለዋል። ከቃላቸው አልቀነስኩም፣ ከእኔም የምጨምርበት የለኝም።

ሶሬቲ ኢታና
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.